ጋቢ ያለበስነው ጡረተኛ

ባሕር ማዶ የምንኖርበት ሰፈር፣ ሬኒየር ቢች፣ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታችን መብራት ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። የምክር ቤት ተመራጮቻችን በምርጫ ሰሞን በራችንን አንኳኩተው ቃል ይገባሉ፤ ከዚያ ኮል ብታደርግ የሚያነሳ የለም። ጉዳዩን የያዙት የከተማው ኃላፊም መልሳቸው ሁሌ «በሚቀጥለው ዓመት» ነው። እንዲያም ሆኖ ጡረታ ሊወጡ ነው ሲባል የሰፈሩ ሐበሻ ወጉ አይቅር ብሎ ጋቢ አልብሶ፣ መርቆ ሸኛቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ተተኪያቸው ይሻላል ብለንም ነው።

በወሩ ጎረቤቴን እማማ ዘነቡን ይዤ አዲሱን ኃላፊ ለማናገር ሄድኩ። በሩን ብንከፍት ያው ሰውዬ፣ ያው ወንበር ላይ! ቢሮው ሳይበርድ አይቀርም፣ ጋቢያችንን ደርበዋል።

«አማካሪ ሆኜ ተመለስኩ» አሉኝ በእንግሊዝኛ፣ ፈገግ ብለው። «ጡረታዬም አልተቋረጠም፣ ደሞዜም እንዳለ ነው። ምክር ቤቱ አጽድቆታል፤ ሕጋዊ ነው።»

ደሜ ፈላ።

«ምን አለ?» አሉ እማማ።

«ጡረታ ከወጡ በኋላ ተመልሰው ተቀጠሩ» ከማለቴ፣ ገና ደሞዙ ላይ ሳልደርስ፣ የእማማ ዓይን እንባ አቀረረ።

«አይ ድህነት! ጡረታው አልበቃ ብሎት ነዋ፣ በዚህ ዕድሜው! መብራቱን ተወው ልጄ፣ አታስጨንቀው። ይልቅ ለፋሲካ ቤተክርስቲያን ከምንረዳቸው ችግረኞች ጋር ስምህን እናስመዝግብልህ በልልኝ።»

አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩላቸው።