በዐይን የሚጠየቅ ዳንስ

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ መልስ፣ እስራኤል ውስጥ ሀደራ ከተማ በሚገኘው ማትናስ፣ ማለትም በሰፈሩ የባህል ማዕከል አዳራሽ፣ ታንጎ እደንሳለሁ። ይህን ለዘመዶቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከወንድ ጋር ተቃቅፌ እንደሆነ ይጠይቁኛል። አዎ፣ ተቃቅፌ። ሥራዬ ክሊኒክ ውስጥ ለምርመራ ደም መቅዳት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ክንድ ይዤ ነው የምውለው። ሰው መያዝም፣ በሰው መያዝም አላስቸገረኝም። የቸገረኝ ሌላ ነው።

የጀመርኩት ከባሌ ጋር በተለያየን ዓመት፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ነበር። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የሚባለው እውነት ነው። በታንጎ ሴቷ አብዛኛውን የምትራመደው የኋሊት ነው። ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ባሕር ዛፎቹ መሀል ብቻዬን የኋሊት ስለማመድ፣ አንዲት የሰፈራችን ሴት የወደቀ ቁልፍ የምፈልግ መስሏት ጎንበስ ብላ አብራኝ ትፈልግ ጀመር። አፍሬ አብሬያት ፈለግሁ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ከአርጀንቲና የመጡ፣ ሰባ አምስትን ያለፉ፣ ሁልጊዜ ከበሩ ፊት ለፊት የሚቀመጡ ሰው። ሲደንሱ ብዙ አይረግጡም። አብራቸው ያለችው ሴት እግሯን አሳርፋ እስክትጨርስ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ። ከእሳቸው ጋር ደንሳ የምትመለስ ሴት ፊቷ ከእንቅልፍ የነቃ ሰው ፊት ይመስላል። እኔን በሕይወቴ ማንም እንዲያ ጠብቆኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ታንዳ ብቻ ከእሳቸው ጋር መደነስ አማረኝ። ታንዳ የሚሉት ጓደኛ ሳይቀየር በተከታታይ የሚደነስባቸውን ሦስት አራት ዘፈኖች ነው። አማረኝ ስል ቀልድ አይደለም፤ ማክሰኞ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠየቁኝም። ጀማሪዋን ሁሉ ሲያስነሱ እኔ ውኃዬን እጠጣለሁ። መደነስ አልችል ይሆን እያልኩ የኋሊት ጉዞዬን አበዛሁ። ቀለሜ ይሆን ብዬም ጠርጥሬያለሁ፤ በዚህ አገር ይህን ሳይጠረጥር ያደገ የእኛ ልጅ የለም። በዚያ ጥርጣሬ አንዳንድ ማታ በንዴት እየተብከነከንኩ ቤቴ ገብቻለሁ።

አንድ ቀን አስተማሪያችን ጫማ ስንቀይር ጠጋ አለችኝና ሽማግሌውን ለምን እንደምጠላቸው ጠየቀችኝ። ደነገጥኩ። በየሳምንቱ እንደሚጠይቁኝ፣ እኔም በየሳምንቱ እንቢ እንደምላቸው፣ አዳራሹ በሙሉ እንደሚያውቅ ነገረችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታንጎ ላይ ሰው በአፉ አይጠየቅም። ወንዱ ከሩቅ ያይሻል፤ የምትፈልጊው ከሆነ ዐይኑን ዐይተሽ ትቆያለሽ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይመጣል። ካልፈለግሽ ዐይንሽን ትመልሻለሽ፣ ማንም ሳይዋረድ ነገሩ ያልቃል። ሕጉን አላጣሁትም፣ ከእኩዮቼ ጋር እሠራበታለሁ። ሽማግሌ ቀና ብሎ ሲያየኝ ግን ዐይኔ ሳያማክረኝ ነው መሬት የሚወርደው። እንዲያውም እሳቸው ሲያዩኝ አንገቴን ደፍቼ ከመቀመጫዬ ብድግ ልል ይቃጣኝ ነበር። ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ስንመጣ ሕፃን ነበርኩ፤ አገሩን ረስቼዋለሁ፣ ዐይኔ ግን አልረሳም።

ያን ሳምንት ጊቫት ኦልጋ ሰፈር አባቴ ዘንድ ሄድኩና ልለማመድ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። አርባ ዓመት አልፎኝ የአባቴ የዐይናቸው ብሌን ዙሪያ እንደ ቀለበት ሰማያዊ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። እሳቸው ግን ሻያቸውን አስቀመጡና፣

"ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያፈጠጥሽብኝ ምን በድዬሽ ነው?" አሉ።

ምንም፣ አባ፣ ብዬ ዐይኔን ሰበርኩ። ሌላ ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን እሳቸውም ለመዱት መሰለኝ፣ ዝም ብለው አዩኝ። እስከ አሥር ቆጠርኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ዐይኔን ስዬ ብሄድ ሽማግሌው የሉም። በቀጣዩም የሉም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው ብዬ ራሴን ሰደብኩ። የመስከረም በዓላት ካለፉ በኋላ መጡ፤ ምርኩዝ ይዘው። የተለመደው ቦታቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሙዚቃው ሲጀምር ቀና ብዬ አየኋቸው። ዐይን አውጣ የሆንኩ መሰለኝ፣ ሆኖም አላወረድኩም። አዩኝ። ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ራሳቸውን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቁና ምርኩዙን ነካ አደረጉት።

ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዳሌያቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው እንደነበር፣ ሐኪሙም ከእንግዲህ ዳንስ የለም እንዳላቸው ነገሩኝ። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ እንቢ ብያቸው እንዳልነበር ነገርኳቸው።

"ካቮድ ነበር" አልኳቸው በዕብራይስጥ፣ "አክብሬዎት ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ሲያይሽ አንገት ትደፊያለሽ።"

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልዘለቀም።

"አሁን ነው የምትነግሪኝ?" አሉ። "እኔ እኮ ሁለት ዓመት፣ ማክሰኞ ጠዋት ተነስቼ ዛሬስ ትነሣልኝ ይሆናል እያልኩ ጫማዬን ስወለውል ነበር።"

እጃቸውን ያዝኩ። የሰው እጅ መያዝ አውቃለሁ። ቀጥለው አንድ ነገር ለመኑኝ፤ ከሌላ ሰው ጋር ልደንስና ተቀምጠው ሊያዩኝ። ከማዶ የሚያየኝን፣ አብሮን የሚደንሰውን የአውቶቡስ ሹፌር ዐይን ተቀብዬ ተነሣሁ። ሦስቱንም ዘፈን ደነስኩ። ዙሩ ፊቴን ወደ እሳቸው በመለሰኝ ቁጥር አያለሁ፤ ወንበሩ ሥር የተወለወሉት ጫማዎቻቸው ከእኛ ጋር ይራመዳሉ።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም፤ ልጃቸው ወደ ደቡብ ወስዳቸዋለች አሉ። አሁን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ዐይኔም አይወርድም፣ ጥሩ ትደንሻለሽ ይሉኛል። ከእሳቸው ጋር መደነስ ምን ይመስል እንደነበር ግን አላውቅም፤ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር አሁንም ያምረኛል።