ሁለት ጭልፊቶችና አንዲት ጥንቸል

ዛሬ ጠዋት ወደ ፕሌኖ ከተማ ስነዳ ቀይ መብራት ይዞኝ ቀና ብል፣ አንድ ጭልፊት ምሰሶ ላይ ሆኖ እርግብ ይቦጭቃል፤ ሌላው ከበላዩ ይዞራል። ከኋላዬ ጡሩምባ እስኪጮህብኝ መብራቱ መለወጡን አላየሁም።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚሁ ብዙ በማይርቀው ፋርመርስ ብራንች ከተማ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ፤ በዚያ ዓመት ሦስተኛ ሥራዬ ነው። እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም ነበር። በምሳ ሰዓት ሌላው ብሬክ ሩም ሲገባ እኔ ውጭ እወጣለሁ። እዚያ ጋሽ ሰይድን አገኛቸዋለሁ፤ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና የሚነዱ የወሎ ሰው ናቸው። የምስር ሳምቡሳቸውን እያካፈሉኝ ከጀርባ ያለውን ባዶ ሜዳ ያያሉ። ብርዱ ገብቶ ሣሩ ሲደርቅ ጭልፊቶች ከሰሜን ይመጡበት ነበር።

"አገራቸውን በረዶ ሲሸፍነው ምን ይብሉ?" ይሉኛል።

አንድ ቀን ዝቅ ብላ የምትበር ቀጭን ጭልፊት ጥንቸል ያዘች። ገና ሳትቀምሳት፣ ከእሷ የሚገዝፍ ሌላ ጭልፊት ወረደባት። ጥፍር ለጥፍር ተያይዘው ከነጥንቸሏ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ተንከባለሉ። ዕቃ ሊጭን የመጣ ከባድ መኪና ደግሞ ወደ ኋላ እየመጣባቸው ነው።

"ተይ! አንቺ ልጅ!" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ብድግ ስል አይተው።

እኔ ግን ሮጬ የመኪናውን ጎን በቡጢ ደበደብኩት፤ ቆመ። ጃኬቴን አውልቄ "ሌባ!" እያልኩ ትልቁን አባረርኩት። ትንሿ ጥንቸሏን እየጎተተች ሣሩ ውስጥ ገባች። ሱፐርቫይዘሩ ወጥቶ ሁለተኛ እንዲህ ካደረግሽ ትባረሪያለሽ አለኝ። ግድም አልሰጠኝ፤ ኮርቼ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ግን ትልቁ የሄደበትን አቅጣጫ ያያሉ።

"ምነው ጋሼ፣ አጠፋሁ?"

"ያባረርሽውን ልብ ብለሽ አይተሽዋል? ደረቱ አጥንት ብቻ ነው። ዘንድሮ የተፈለፈለ ነው፤ ማደኑን ገና አልቻለበትም።"

"ታዲያ የሰው ይቀማል?"

"ምን ያድርግ ልጄ? እሷም ርቧታል፣ እሱም ርቦታል። እኔ እንጃ።"

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን አጥሩ ላይ ተኮራምቶ አየሁት። ከምሳዬ ሥጋ ወረወርኩለት፤ ዘወር ብሎም አላየው። በአራተኛው ቀን አጥሩ ሥር ተደፍቶ አገኘነው። ጋሽ ሰይድ አንሥተው ሲያቀብሉኝ ባዶ ካርቶን የያዝኩ መሰለኝ፤ ክብደት የሚባል የለውም።

"አብሽሪ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም" አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቀቅኩ። ለሰው መንገዱ ራቀኝ አልኩ።

አሁን ሃምሳን አልፌያለሁ። ሁለት ሰው ሲጣላ ቶሎ አልፈርድም፤ የሚያውቁኝ ይህን ትዕግሥት ይሉታል። ትዕግሥት አይደለም። ያ መኪና ዛሬም ወደ ኋላ እየመጣ ቢሆን መሮጡን እሮጥ ነበር። ጃኬቴን በየትኛው ጭልፊት ላይ እንደማነሣ ግን እስከ አሁን አላወቅኩም።