ብርሃን የሚቆጠብበት ቤት

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነበር። «ነበር» ስል ሞቷል ማለቴ አይደለም፤ አለ፤ ዛሬ ጠዋትም ሻይ አብረን ጠጥተናል። የሌለው ዓይኑ ነው። ሰው ምን ነክቶት ነው ብሎ ሲጠይቀኝ «በሽታ ነው» ብዬ አልፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን በሽታው ብቻውን አልወሰደውም፤ የቤቱ አመል ደብቆ አሳድጎለታል። ሳወራው ያናድደኛል፤ ዝም ስል ደግሞ ይብስብኛል።

ሰፈሩ የሚያውቀው ጋሽ ገልብጤ ብሎ ነው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። የኮት ፊት ሲነጣና ሲያብረቀርቅ ሌላው ሰው ይጥለዋል። እሱ ግን ስፌቱን በትዕግሥት ይተረትርና ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ እንደገና ይሰፋዋል። ውስጡ ፀሐይ ያልነካው ጨርቅ ስለሆነ ኮቱ አዲስ መስሎ ይወጣል። የሚያሳብቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደረቱ ኪስ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። በእኛ መንደር ኪሱ በቀኝ የሆነ ኮት የለበሰ ሰው ካያችሁ የእሱ ደንበኛ ነው። አንዳንዱ ኪሱን በክንዱ ይሸፍናል፣ ብዙው ግን ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነውና ግድ የለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቅጽል ስሙን እሱ ራሱ የሰማው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ሲሰማም ሳቀና «ታዲያ ምን አጠፋሁ? መንግሥት አልገለበጥኩ፣ ኮት ነው የገለበጥኩት» አለ።

ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። መሐሏን የሚከፍላት መጋረጃ ከደንበኞች ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው፤ ግማሹ ባለመስመር፣ ግማሹ ባለአበባ፣ አንዱ ጥግ ደግሞ የአንድ ፖሊስ ሱሪ። ከመጋረጃው ወዲያ ይተኛሉ፣ ወዲህ ይሰፋል፣ ይበላል፣ ይጠናል። በዚያ ቤት የሚጣል ነገር የለም። ያለቀ ሳሙና ከአዲሱ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ልብስ የታጠበበት ውሃ ወለሉን ያጥብና የደጁን አቧራ ያስተኛል። የደረቀ ዳቦ በሾርባ ይርሳል። ለትልቋ ልጅ ቀሚስ ሲሰፋ ከጠርዙ ውስጥ አንድ ስንዝር ጨርቅ ይታጠፍና ልጅቷ ባደገች ቁጥር ይለቀቃል፤ የሚለቀቅ ሲያልቅ ቀሚሱ ለትንሹ ወንድሟ ሱሪ ይሆናል። ትንሹ አንድ ጊዜ «አባዬ፣ እኔ ስሞት የሚወርሰኝ ማነው?» ብሎ ጠይቆት ቤቱ በሳቅ ፈርሷል።

ንፉግ ነበር እንዳትሉኝ። ንፉግ ሰው ለራሱ ይሰስታል፣ ለሰውም ይሰስታል። እሱ የቸገረው ሰው ሲመጣ ሱሪ በነጻ ይጥፍለት ነበር። የሚሰስተው ለብክነት ነው። «የጠፋ ዕቃ ሁለቴ ይገዛል» ስለሚል ሁሉ ነገር ቦታ ቦታ አለው። መቀሱ በቀኝ በኩል ካለችው ምስማር ላይ፣ ጠመኔው ከቆርቆሮው ውስጥ፣ ካውያው ከበሩ ሥር። ውሃ የጠጣ ሰው ኩባያውን ካነሳበት ካልመለሰ ጉድ ይፈላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚያ ቤት ማንም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የፈለገውን ዕቃ ማንሳት ይችላል።

ከሁሉ የሚቆጠበው ግን መብራት ነው። ያለቻቸው አንዲት አምፖል ናት፤ ሱቅ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትንሿ፣ ለሁለቱም ወገን እንድታበራ ከመጋረጃው አናት ላይ የተንጠለጠለች። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አትበራም፤ በደንብ መጨለም አለበት። ራት ተበልቶ ልጆቹ አጥንተው ሲጨርሱ ትጠፋለች። «ለወሬ መብራት ምን ይሠራል? አፍ መንገዱን ያውቃል» ትላለች እህቴ። እውነቷን ነው፤ በጨለማ ተቀምጠን ስንቱን ወሬ ሰልቀናል።

ዓይኑ መቼ መድከም እንደጀመረ ማንም አያውቅም። በምን ይታወቃል? ኩባያውን ጠረጴዛ ያለ መስሎት አየር ላይ ሲለቀው «ይቺ አምፖል!» ይባላል፤ እህቴ በርጩማ ላይ ወጥታ አምፖሏን በጨርቅ ትወለውላለች። በርጩማው ሲያደናቅፈው አሁንም አምፖሏ ናት። ቀን ቀን ደግሞ ጥፋቱ የመስኮቱ ነው። መስታወቱ ታጠበ፣ በጋዜጣ ታሸ፣ ዳር ያለው ዛፍ ተቆረጠ። ስፌት መኪናው ወደ መስኮቱ ተጠጋ፣ አሁንም ተጠጋ፣ በመጨረሻ ጉልበቱ ግድግዳውን እየነካ መስፋት ጀመረ። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር መስፋት ሲያቅተው «ድሮ ክር ጥቁር ነበር፤ ያሁኑ ጨርቅ ውስጥ ይሰወራል» አለ፤ እኛም የፋብሪካዎቹን ክፋት አብረን አማን።

መንገድ ላይ በጎኑ የሚያልፉ ሰዎችን ሰላም ሳይል ማለፍ ሲጀምር «ጋሽ ገልብጤ ኮራ» ተባለ። እህቴ ደግሞ ይህንኑ በኩራት ትናገረው ነበር። «የኔ ባል መንገድ ሲሄድ ግራ ቀኝ አያይም» ትላለች፤ ባሎቻቸው ሴት የሚያዩባቸው ጎረቤቶቿ ሲሰሙ ትንፋሻቸው ያጥራል። ወይ እህቴ! እውነትም ግራ ቀኝ አያይም ነበር።

ከዚያ የሰፈራችን ዘበኛ ኮት መጣ። ከዓመታት በፊት በእሱ በራሱ እጅ የተገለበጠ ኮት ነው፤ ኪሱ በቀኝ ነው። ዘበኛው የፈለገው እጅጌው እንዲጠገን ብቻ ነበር። ጋሽ ገልብጤ ከእህቴ እጅ ተቀብሎ ያረጀ ጨርቅ መሆኑን በጣቱ ዳሰሰና እንደ ልማዱ ሙሉውን ተርትሮ ገለበጠው። ዘበኛው መጥቶ ሲለብሰው ያ ከዘመናት በፊት የተሰናበተው የነጣ ፊት ተመልሶ መጥቶበታል።

«ጋሼ፣ ምን በደልኩህ? ገላገልከኝ ያልኩትን መልሰህ አለበስከኝ እኮ!» አለ።

ጋሽ ገልብጤ ሳቀ። ደግሞ በነጻ ልገልብጥልህ አለ። ዘበኛው ግን ኮቱን እንደለበሰ ወጣ፤ ወሬውም ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ኮት የሚያመጣ ሰው እየቀነሰ ሄደ። እህቴ የሚገባው ሥራ ሲሳሳ ወጪውን ይበልጥ አጠበቀችው፤ አምፖሏም ለራት ብቻ ሆነች። ይኸውላችሁ እንግዲህ፤ የሚያይበት ዓይን በጎደለ ቁጥር ብርሃኑንም እያጎደልንበት ሄድን።

አንድ ምሽት ልጠይቃቸው ሄጄ በዚያች አምፖል ጭላንጭል እጄን ሾርባ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ሲበዛ ቁጡ ነኝ። ተነሥቼ ጥግ ካለው ሱቅ ትልቁን አምፖል ይዤ መጣሁ። እህቴ «ምነው አንቺ ልጅ፣ ቤታችንን አዳራሽ ልታደርጊው ነው?» እያለች ተከተለችኝ። በርጩማው ላይ ወጥቼ ትንሿን ነቅዬ ትልቁን ገጠምኩ።

ቤቱ ቦግ አለ። ትንሹ ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትልቋ በደብተሯ ተከለለች። እህቴ ጣሪያው ጥግ ላይ የሸረሪት ድር አይታ አፈረች፤ መጥረጊያ ለማንሳት ቃጣት። እኔ ራሴ እንባዬ እየመጣ «እህ፣ ጋሼ፣ አሁንስ?» አልኩ በድል።

እሱ መርፌውን እንደያዘ አገጩን ቀና አደረገና ወደ አምፖሉ ዞረ። ትንሽ አየው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«ከእጅ አይሻል ዶማ! ይሄም ያው እንደዚያችው ነው። ባለሱቁ አታሎሻል፤ ነገ መልሺለት።»

የሳቀ የለም። ትንሹ እንኳ እጁን ከዓይኑ ላይ አውርዶ አባቱን ያይ ጀመር። ትልቋ ቀስ ብላ ተነሣችና እጇን በአባቷ ጆሮ አጠገብ አወናጨፈች። ዞር አላለም። እህቴ ቁጭ አለች። ወገቤ ተቆረጠ ያለችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። በሽታው የዓይን ግፊት ይባላል፤ ሳያም ከዳር ዳር እየበላ ወደ መሐል ይመጣል አለች። ግራው ሄዷል። ቀኙ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ቀርቶለታል። «የሄደውን መመለስ አልችልም። የቀረችውን ግን በዚህ ጠብታ ማቆየት እንችላለን። ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳይዘሉ» ብላ ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ ሰጠችው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄኔ ነው፤ ግማሹ ቢቃጠልም ግማሹ ይድናል አልን። በዚያች በቀረችው ቀዳዳ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ ማጠፍ፣ የልጆቹን ፊት ማየት ይችል ነበር። እኛ የምንለምነው ያቺኑ ቀዳዳ ብቻ ነበር።

ልንወጣ ስንል ሐኪሟ «በዘር ስለሚሄድ ልጆቹም ይታዩ» አለች። አመጣናቸው፤ ደህና ናቸው፣ በየዓመቱ ግን ይምጡ ተባልን። እሱ በዚያ ቀን ሙሉ መንገዱን አልተናገረም። ደክሞት ነው አልን።

ጠብታውን ራሱ ነበር የሚያደርገው፤ «እጄ ገና አልታወረም» እያለ። ጠርሙሱ አላልቅ አለ። እህቴ ደስ አላት። በዚያ ቤት አንድ ነገር ሲቆይ ሞገስ ነው፤ «ይሄ መድኃኒት በረከት አለው» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

አንድ ጠዋት ትልቋ ለትምህርት ቤት ለብሳ ፊቱ ቆመች። ቀሚሷ ልኳ መሆኑን ማየት ልማዱ ነው። «ቀረብ በይ» አላት። ቀረበች። «ቀረብ በይ እንጂ» አላት። ጉልበቷ ጉልበቱን ነክቶ ነበር።

በዚያው ቀን መልሰን ወሰድነው። ሐኪሟ መርምራው ፊቷ ተለዋወጠ። «ጠብታውን በትክክል ይወስዳሉ?» አለችው። «እንዴታ» አለ። እህቴ ይሄኔ ባሏን ልታስመሰግን ቦርሳዋን ከፈተችና ጠርሙሱን አወጣች። «ይኸው፣ እንዴት አድርጎ እንደያዘው ይዩት፤ የመጀመሪያው ነው፣ ገና ግማሽ አለው። ሁለቱ እንዲያውም አልተከፈቱም» አለች ፈገግ ብላ።

ሐኪሟ ጠርሙሱን አየች፣ እህቴን አየች። «እሜቴ፣ ይሄ በአንድ ወር ማለቅ ነበረበት። ሦስት ወር ሆናችሁ እኮ» አለች። የእህቴ ፈገግታ ፊቷ ላይ ምን እንደሚሆን ጠፍቶት ቆየ።

ለምን ተባለ። በጥፋት እንደተያዘ ልጅ አቀርቅሮ ተናገረ። «በዘር ይሄዳል አላሉም? የዕድሜዬን ግማሽ አይቻለሁ፤ ትልቋ ልጄ ገና ምን አየች? ብዬ ነው ያስቀመጥኩላት።» ደህና በዋለ ቀን ይዘለው ነበር። በሽታው ደግሞ አያምም፤ ሁሌ ደህና ነው የሚውለው።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን ቢያማት እንኳ ያን ጊዜ አዲስ መድኃኒት እንደሚሰጣት፣ ይሄ እስከዚያ እንደማይቆይ፣ የተከፈተውማ ኃይሉን ካጣ መሰንበቱን አስረዳችው። ቀኙ ላይ የቀረው ብርሃንና ጨለማን መለየት ብቻ ነው፤ እሱም እንዳይሄድ፣ ሕመምም እንዳይመጣ ጠብታው ይቀጥል አለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በመንገድ ሁሉ እየተናደድኩ መጣሁ፤ በእሱ እንዳልናደድ ያሳዝነኛል፣ በእህቴ እንዳልናደድ ልቧ ተሰብሯል። በማን ልናደድ? ልጆቹን ራቁታቸውን እንዳይሄዱ ያደረጋቸው ይኸው አመል ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብታውን የምታደርግለት ትልቋ ናት። ያን ዕለት ማታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችውና ካስቀመጠላት ጠርሙሶች አንዱን ከፈተች። እጇ ገና ስላልለመደ የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጩ ላይ ወረደ። እሱ በጣቱ ጠርጎ ዓይኑ ውስጥ ሊመልሰው ሞከረ።

«ቀስ ልጄ፣ ቀስ። ለአንቺም ይትረፍ እንጂ።»

«የኔ ዓይን ደህና ነው እኮ አባዬ» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ። «የኔም በአንቺ ዕድሜ ደህና ነበር።»