ከዶሮዎቹ ጋር ያደሩት ዳክዬዎች

ሥራነሽ በየጁቤ ከተማ በዶሮ ንግድ የምትታወቅ መበለት ነበረች። መሬት የላትም። በየዓመቱ ሁዳዴ ገብቶ ዶሮ ሲረክስ ከየገበያው እየገዛች በአንድ ጠባብ ቤት ታከማቻለች፤ ፋሲካ ሲቃረብ ደብረ ማርቆስ ወስዳ ትሸጣለች። ዓመቱን የምትኖረው በዚያ ትርፍ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ሁዳዴ የሟች ባሏ ወንድም እንዳላማው ከረግረጉ በወጥመድ የያዛቸውን ስድስት የዱር ዳክዬዎች አመጣላት። የሚበላቸው ባይኖርም፣ ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ሆቴል ለግቢው ኩሬ ይፈልጋቸው ነበር። ሁለቱን ወዲያው አደረሰች፤ አራቱን ሆቴሉ ኩሬውን አስፍቶ እስኪጨርስ ከዶሮዎቿ ጋር አኖረቻቸው። ውኃ የሚጠጡት ከአንድ ገበታ ነበር። እንዳላማው አበላላቸውን እያየ፣ እነዚህስ ሁዳዴ መግባቱንም አልሰሙ እያለ ይቀልድ ነበር።

የሕማማት ሰኞ ሦስት ዶሮዎች ራሳቸው አብጦ፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ኩክኔ ጠቁሮ ተገኙ። ረቡዕ ከአርባው ዶሮዋ የቀሩት ሁለት በሽተኞች ብቻ ነበሩ። ዳክዬዎቹ ግን ላባቸውን ያበጥራሉ። በሽታው ከእነርሱ ይመጣል ብላ አላሰበችም፤ የታመሙ አይመስሉም።

ያን ሰሞን ሬዲዮው ስለ ወፍ ጉንፋን ይናገር ነበር። የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ወንጌላዊት መጥታ የሞቱትን አስቀበረች፤ ናሙና ወሰደች፤ ከዱር የመጣ ወፍ እንዳለም ጠየቀቻት።

«የለም» አለች ሥራነሽ።

ዳክዬዎቹን ጓዳ ውስጥ ቅርጫት ደፍታባቸው ነበር። ብትናገር እንዳላማው የዱር ወፍ በማጥመዱ ይታሰራል ብላ ፈርታለች፤ ደግሞም የምትሸጠው የቀራት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቷ ወለተ ሐዋርያት ሁለት የሞቱ ዶሮዎች አንጠልጥላ ደጇ ቆመች። ሥራነሽ ባለፈው እሑድ አውራ ዶሮ አውሳት ነበር።

«ያንቺ አውራ ቀድሞ ሞተ፤ እነዚህ ተከተሉት» አለች። «ትንሿ ልጄ ሲታመሙ አዝናላቸው ታቅፋቸው ነበር። ዛሬ አተኮሳት።»

ቁጣ አልነበራትም። ለሥራነሽ ግን ጎረቤቷ ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ዳክዬዎቹን በቅርጫት ይዛ ወንጌላዊት ቢሮ ሄደች።

«ዋሽቼሽ ነበር፣ ልጄ» አለቻትና ስለ ሕፃኗም ነገረቻት።

ወንጌላዊት ቅርጫቱን ከፈት አድርጋ አየች። «ስንት ነበሩ፣ እትዬ ሥራነሽ?»

«ስድስት።»

«ሁለቱስ?»

«ደብረ ማርቆስ፣ ሆቴሉ ግቢ።» ሳትጠየቅ ቀጠለች፦ «ሆቴሉ ለፋሲካ የሰበሰባቸው ዶሮዎችም እዚያው ናቸው።»

ወንጌላዊት መጀመሪያ ልጅቷ ጤና ጣቢያ እንድትወሰድ ሰው ላከች። ከዚያ ወደ ሆቴሉ ደወለች፤ ደጋግማ ደወለች። የሚያነሣ አልነበረም። ሥራነሽ ቆማ ጠበቀች። ዳክዬዎቹ ቅርጫቱ ውስጥ የቀረውን እህል ይለቅሙ ነበር።