ከእመቤታችን እግር ሥር ያስቀመጥኩት ቁልፍ

ቆቦ ስመደብ እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ጋቢ ከተተችልኝ። ጎጃም ደጋ ላይ ተወልዳ ላደገች ሴት አገር ሁሉ ብርድ ነው። ቆቦ ግን ቆላ ነው፤ አንደኛው ጋቢ እንደታጠፈ ቀረ፤ በሁለተኛው ላፕቶፔን ከአቧራ ሸፈንኩበት። በደወለች ቁጥር "ጋቢው ጠቀመሽ?" ትለኛለች። "በጣም" እላታለሁ። አልዋሸሁም።

ሥራዬ ሙያ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ማስተማር ነበር። ሰዓሊውን ያወቅሁት የትምህርት ቤቱን አጥር ሊቀባ ሲመጣ ነው። ከዋጃ እስከ ጎብዬ በአስፋልቱ ዳር ባሉ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ የቆሙት ዶሮዎች፣ ከባጃጅ ኋላ የሚያገሱት አንበሶች፣ አብዛኞቹ የእሱ እጅ ናቸው። ዶሮዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ያያሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው "ወደ ቀኝ የምታይ ዶሮ አትወጣልኝም" አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

ልቡ ግን ከዶሮዎቹ ጋር አልነበረም። በልጅነቱ ከአንድ መሪጌታ ሥር ተቀምጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምሯል፤ ጊዜ ባገኘ ቁጥር የሚሥለው ቅዱሳንን ነው። ሥዕሎቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ አልጋው ሥር ደረደራቸው። ሚስቱ ይህን ስታይ ጉድ ፈላ። "ቅዱሳኑን ከታች አስተኝተህ እኛ ከላይ ልንንጋለል ነው? ወይ እነሱ ይወጣሉ፣ ወይ አንተ ትወጣለህ!"

በዚህ ግፊት ነው ጋለሪው የተወለደው። ሰዓሊው፣ ሰፌድና መሶብ የምትሰፋ አንዲት ሙስሊም ጎረቤቱና ሌሎች ጥቂት ባለሙያዎች ሆነው ማዘጋጃ ቤቱን ለመኑ፤ ቀድሞ ማዳበሪያ ይቀመጥበት የነበረ አንድ ክፍል ተሰጣቸው። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ግን ቀጭን ማስጠንቀቂያ አስከተለ። "እስከ ፍልሰታ ፍቺ አያችኋለሁ። ሰው ከመጣ ክፍሉ የእናንተ ነው። ሰው ካልመጣ ማዳበሪያው ይመለሳል፤ እሱ ቢያንስ ፈላጊ አለው።"

ግድግዳው በኖራ ተቀባ፣ ሥዕሎቹ ተሰቀሉ፣ መሶቦቹ ተደረደሩ። ማንም አልገባም። ሰዎች በሩ ድረስ መጥተው አንገታቸውን አስግገው ይመለሳሉ።

"ሥዕል ጠልተው አይደለም" አለኝ ሰዓሊው። "አፍረው ነው። ገብቶ አይቶ ባዶ እጅን መውጣት ባለቤቱን መናቅ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ጭራሹን አይገቡም።"

"እንግዲያው ቤታቸው ሆነው ይዩ" አልኩ። አፑ ከዚህች አንዲት ቃል ተጀመረ። ሰው በስልኩ ሥዕሉንም መሶቡንም ያያል፣ ከሠሪው ጋር ይጻጻፋል፣ የወደደውን ይዞ ያስቆያል፣ ከዚያ ሳያፍር ይመጣል። ክረምቱን አገሬ ገብቼ ላሳልፍ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ መልሼ ፈታሁት። እናቴ አኮረፈች። "ደግሞ አፕ የሚባል ባል አገባሽ?" አለችኝ።

እኔ፣ ሰዓሊውና ሰፌድ ሰፊዋ ሦስታችን የጋለሪው ወለል ላይ ምንጣፍ ዘርግተን፣ በድሮ የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ ገጾቹን መንደፍ ጀመርን። ሰዓሊው በእያንዳንዱ ገጽ ዙሪያ እንደ ብራና መጽሐፍ ሐረግ ካልሣልኩ ብሎ ያዘ። ሐረጉ ሲያልቅ ለሥዕሉ የቀረችው ቦታ ቴምብር የምታክል ነበረች። ከብዙ ክርክር በኋላ ሐረጉን ለመጀመሪያው ገጽ ብቻ ፈቀድኩለት።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። ሰው ስልክ ሲያይ በጣቱ ገፋ፣ ገፋ ያደርጋል። ቅዱስ ሚካኤልን እንደ ዝንብ እሽ ብለው ሲያሳልፉት ታየኝ።

"መጋረጃ አድርጊለት" አለኝ ሰዓሊው። "ቤተ ክርስቲያንም እኮ ሥዕሉ እርቃኑን አይቆምም።"

እንዳለው አደረግሁ። ቅዱስ ሥዕል ያለበት ገጽ ሲከፈት ቀይ መጋረጃ ብቻ ይታያል፤ በጣት ሲነካ መጋረጃው በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገለጣል። ይህን ለመሥራት ያለቀሰ ሰው ብቻ ነው ድካሙን የሚያውቀው። ሲሠራ ሰዓሊው አማተበ።

ሰፌድ ሰፊዋ ግን ፊቷ ጠቆረ። "የእናንተው በመጋረጃ፣ የኔው እርቃኑን? ወላሂ ይሄ አድልዎ ነው።"

"መሶብ መጋረጃ አለው እንዴ፣ እትዬ?"

"ክዳን አለው!"

እውነቷን ነው። መሶቡ ሲነካ ክዳኑ እንዲነሳ አደረግሁ። ክዳኑን ደጋግማ አነሳችው፣ ከደነችው፤ የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ አልመለሰችልኝም።

የቀረው "ይያዝልኝ" የሚለው ቁልፍ ነበር። የወደደ ሰው እሱን ሲጫን የሥዕሉ ስምና የሰውየው ስልክ ቁጥር ለእኔ ይደርሰኛል። ሰዓሊው መሀል ላይ ይሁን አለ፣ ጎልቶ እንዲታይ።

"በእመቤታችን ፊት ላይ?" ብዬ ጮህኩበት።

"እሺ ከላይ።"

"በዘውዷ ላይ?"

"ታዲያ የት ይሁን ነው የምትይው፣ መምህርት?"

"ከእግሯ ሥር" አልኩ። "በትሕትና።" ደግሞም ለአውራ ጣት የሚቀርበው የስክሪኑ ታች ስለሆነ በሙያዬም በሃይማኖቴም ልክ ነኝ ብዬ ኮራሁ። በራሴ ጣት ሞከርኩ፣ በሰዓሊው ጣት ሞከርኩ፣ ቀለም በነካው ጣትም አስሞከርኩ። ምንም እንከን አልነበረበትም።

ተማሪዎቼ አፑን ከስልክ ወደ ስልክ አቀባበሉት። ክረምት ነው፣ ልጆቹ ከናቶቻቸው ጋር ቤት ናቸው። ፍልሰታ ገባ። በጾሙ መጀመሪያ ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ስልኬ ትን አለ። "እመቤታችን፦ ይያዝልኝ።" ጾም ባይሆን ኖሮ በደስታ ሁለት ሰው የሚበላውን እበላ ነበር። ትን። ትን። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ፀሐይ ሳትወጣ ስልኬ እንደ ቃጭል ይጮህ ጀመር።

እኔ ደግሞ የኮምፒውተር ሰው ነኝና ነገሩን አጠናሁት። የቆቦ ሰው ሥዕል የሚመርጠው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ቀጥሎ ቅዳሴ ሲወጣ። በሚካኤል ዕለት ሚካኤል ይፈለጋል። አንዳንዱ ያንኑ ሥዕል በየቀኑ ይይዛል፤ ይህን "ጽኑ ፍላጎት" ብዬ ተረጎምኩት። መሶብና ሰፌድን የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ሰፌድ ሰፊዋ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

"ዛሬስ?"

"ገና ነው፣ እትዬ።"

"ክዳኑን አያነሱትም?"

"ያነሱታል። አይተው ይከድኑታል።"

"ያ ረቢ፣ እጄ ምን ነካው?" እያለች ጣቶቿን ታገላብጣለች።

ያጠናሁትን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ሄድኩ። ስለ ጎህ ገበያና ስለ ጽኑ ፍላጎት ሰፊ ማብራሪያ ሰጠሁት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ። "እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ከፍልሰታ ፍቺ ማግሥት ይምጡና ልያቸው" አለ። ወጥቼ ለሁሉም መልእክት ላክሁ፦ "እመቤታችን ትጠብቅዎታለች። ከበዓሉ ማግሥት ጠዋት ወደ ጋለሪው ይምጡ።" ሰዓሊው ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ለሰፈሩ ነገረች።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ከኪዳን ተመልሼ ወደ ክፍሌ ስገባ አከራዬ በረንዳው ላይ ቆማለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከብዷት ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች። የልጇን ስልክ መስኮቱ ደፍ ላይ አቆመች፣ በጣቷ ነካ አደረገችው። መጋረጃው ተገለጠ። አማተበች። ጎንበስ ብላ ግንባሯን አስነካች፤ ከዚያ ከእመቤታችን እግር ሥር ከንፈሯን አሳርፋ ተሳለመች።

እጄ ላይ ያለው ስልክ ትን አለ።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"እየተሳለምኩ ነዋ! ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

"ሥዕሉን ይያዝልኝ አሉ እኮ!"

"ምንም አላልኩም። አፌን ላለመክፈቴ ምስክሬ እሷው ናት።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?"

"ጾሙ ከገባ ጀምሮ። እኔ ብቻ መሰልኩሽ እንዴ? ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው። መጋረጃ ያለው ስልክ የሠራች ልጅ ትባረክ ብለን ስንመርቅሽ ነው የከረምነው። ምነው፣ ልጄ? ፊትሽ አመድ መሰለ።"

ማን ፊቷን ይሳለማል? ሰው በትሕትና የሚሳለመው እግርን ነው። እኔም በትሕትና ቁልፉን እዚያው ተክዬዋለሁ። በጣት ሞከርኩ እንጂ በከንፈር አልሞከርኩም።

ጋለሪው ሄጄ ስነግረው ሰዓሊው መሰላል ላይ ነበር። ወረደና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

"እና አንድም ሰው አልገዛም?"

"አንድም።"

"ሁሉም ግን ተሳልመዋል?"

"ሁሉም።"

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አለቀሰ ብዬ ስጠጋው እየሳቀ ነበር። ሰፌድ ሰፊዋ ደግሞ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። "አልሃምዱሊላህ! ለካ የኔን ሰፌድ የጠላው የለም፣ የሚስመው ስለጠፋ ነው!"

ሳቁ ሲያልቅ ግን ሰዓሊው ግድግዳውን ዙሪያውን ቃኘ። "ከነገ ወዲያ ማዳበሪያው ይገባል ማለት ነዋ" አለ ቀስ ብሎ። "እነዚህም ወደ አልጋው ሥር።"

አገሬ ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። ታሪኩን ሲሰሙ ቆዩ።

"ልጄ፣ ስልኩ ላይ ሌላ ምን አለ?"

"ዘፈን... ፌስቡክ... እስክስታ..."

"እንግዲያ ንስሐ የሚያስፈልገው ስልኩ ነው" አሉና ሳቁ። ቀጥለው ድምፃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። "ሰዎቹ ያደረጉት በእምነት ነው፤ እነሱን ተያቸው። አንች ግን ለዚያ ሰውዬ ያልሽው እውነት እንዳልሆነ አውቀሻል። ሳትሸፋፍኚ ንገሪው።"

ከበዓሉ ማግሥት ጠዋት ኃላፊውን በሩ ላይ ልጠብቀው ገና በጊዜ ሄድኩ። የፍልሰታን ፍቺ ተከትለው የሶለል ጨዋታ የሚጫወቱት ልጃገረዶች ከበሮ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ጋለሪው በር ላይ ስደርስ እግሬን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። መሬቱ በጫማ ተሸፍኗል፤ የፕላስቲክ ጫማ፣ ሸራ ጫማ፣ የአዛውንት፣ የልጅ። እናቶች ነጠላ አጣፍተው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን አውልቀው ገብተዋል። "እመቤታችን ትጠብቅዎታለች" የሚል መልእክት ደርሶት የሚቀር ሰው የት ይገኛል? አከራዬ በልጇ ትከሻ ተደግፋ ከፊት ቆማለች። ሰዓሊው በትልቁ የእመቤታችን ሥዕል ላይ እውነተኛ መጋረጃ ሰቅሏል፤ ላብ ያጠምቀዋል።

ኃላፊው መጣ። ጫማውን አየና ቆመ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩት ቶሎ ብዬ፣ ድፍረቴ ሳይከዳኝ። "ያሳየሁዎት ቁጥር ገዢ አይደለም። ሰዎቹ ስልኩን ሲሳለሙት ቁልፉ እየተነካ ነው።"

አንዱን ጫማውን አውልቆ አንዱን ሳያወልቅ አየኝ። "የጎህ ገበያ ያልሽኝስ?"

"ጸሎት ነው።"

"ጽኑ ፍላጎትስ?"

"እሱም ጸሎት ነው።"

ሳቁን ለመዋጥ ጎንበስ ብሎ የቀረውን ጫማ ለረጅም ጊዜ ፈታ። ገመድ የሌለው ጫማ ነበር።

ውስጥ ገብቶ ሳለ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሴቶቹ ተሳልመው ጨረሱ፤ መውጣት ግን አቃታቸው። ገብቶ ባዶ እጅን መውጣት ነውር ነዋ! ያ ስንፈራው የከረምነው እፍረት አሁን በሩን ከውስጥ ዘጋው። አንዷ ሰፌድ አነሳች፣ ሌላዋ ስፌቱን በጣቷ እየተከተለች "ይሄ አክርማው እንዴት ቀላ?" አለች፣ ሦስተኛዋ የመሶብ ክዳን አነሳች። ሰፌድ ሰፊዋ ለሁሉም ባንድ ጊዜ ትመልሳለች፤ "ቀስ! ቀስ በሉ፣ በሞቴ! አይሳምም፣ በእጅ ነው የሚያዘው!"

የእመቤታችንን ሥዕል ማን ይውሰድ በሚለው ግን ጭቅጭቅ ተነሳ። ሁሉም መልእክቱን አሳየ። አከራዬ በምርኩዟ ወለሉን መታች።

"አንዳችን ቤት ገብታ ሌሎቻችን በር ልናንኳኳ ነው? የሁላችን ናት፤ እዚሁ ትቆይ። ባዋጣን ጊዜ ዋጋዋን ለሠሪው እንሰጣለን።" ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረች። "አንተ ልጅ፣ እዚህ ማዳበሪያ ልታስገባ ነው አሉ?"

"አይ፣ እትዬ፣ እሱ እንኳ..."

"እመቤታችንን ወዴት ልታወጣት?"

ባዶ እግሩን ቆሞ ግራና ቀኝ አየ። ሁሉም ያዩታል። "እኔ ሰው ይምጣ ነው ያልኩት" አለ በመጨረሻ። "መጥቷል። ማዳበሪያው ሌላ ቦታ ይፈለግለታል።" እልልታው የሶለሎቹን ከበሮ አስቆመው። ሲወጣ አንድ ሰፌድ በብብቱ ይዞ ነበር፤ ጫማውን ለማግኘት ግን ብዙ ደከመ።

ያን ሳምንት አፑን ከፈትኩና ቁልፉን ወደ ላይኛው ጥግ አወጣሁት፣ ከሥዕሉ ውጪ። ከእግሯ ሥር ምንም አላስቀመጥኩም፤ ቢነካም ባይነካም ምንም የማይሠራ ነጭ ቦታ ተውኩ። ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ ይሄ ቦታ ባክኗል" አሉኝ። ከአፑ ሁሉ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት እሱ ነው አልኳቸው፤ ማስረጃ ሲጠይቁኝ የለኝም። ስልኬ ጎህ ሲቀድ ትን ማለት አቁሟል።

ሰፌድ ሰፊዋ አዲሱን ገጽ አገላብጣ አየችና ወደኔ ዞረች።

"ከኔ መሶብ ሥርስ ባዶ ቦታ የት አለ?"

"መሶብ ማን ይስማል፣ እትዬ?"

"አንች ስልክ ማን ይስማል ብለሽ አልነበር?"

እሱንም ሠራሁላት።