ግማሽ ለግማሽ ሲካፈል

ኅዳር ሲገባ ከሚሴ መናኸሪያ አጥር ሥር ጥንቅሽ ይቸረቸራል። ባለፈው ሳምንት ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት አገዳውን በጉልበቷ ላይ ቀጭ አድርጋ ለሁለት ሰበረችና ግማሹን ለልጇ ሰጠች። ያ ድምፅና ከስብራቱ የወጣው እርጥብ የስኳር ሽታ ምራቄን ሳይሆን ንዴቴን ቀሰቀሰው። ሌላው ሰው ጥንቅሽ ሲሸተው እናቱ ትዝ ትለዋለች። እኔ ትዝ የሚለኝ ሒሳብ ነው፤ ያውም የወደቅኩት ሒሳብ።

ሰዎች ተሰብስበው ስለ ተማሪነታቸው ሲያወሩ ዝም የምለው ለዚህ ነው። የኔ ተማሪነት የጀመረው ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነበር። ከዚያ በፊት ጨፋ ሜዳ ላይ ከአባቴ ጋር ማሽላ አርስ ነበር። መሬቱ የኛ አልነበረም፤ ከተማ የገባ ሰው መሬት ነበር፣ በእኩል እናርስለታለን። ምርቱ አውድማ ላይ ሲሰፈር ግማሹ የባለመሬቱ፣ ግማሹ የኛ ማለት ነው። እኛ ደግሞ በሬ አልነበረንም። ስለዚህ ከግማሻችን ላይ ግማሹን ባለበሬው ያነሳዋል። ይህን የምነግርህ እንድታለቅስልኝ አይደለም። ኋላ የሠራሁት ስሕተት ከየት እንደመጣ እንዲገባህ ነው።

ፊደል በጎልማሶች ትምህርት ቆጠርኩ፣ ክፍል እየዘለልኩ ሄጄ ሰባተኛ ላይ ከልጆች ጋር ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ ጢሜን አየና አመነታ። «ግባ፤ ግን የሒሳብ ቲቸሯ ትይህና ካልሆነ ስድስተኛ ትወርዳለህ» አለኝ። አባቴም ከተማ ቤት ተከራይቼ እንድማር የፈቀደልኝ ቃል አስገብቶ ነው። ወገቡ መጉበጥ ጀምሯል፤ ከኔ በቀር የሚያግዘው አልነበረውም። «አንድ ክፍል እንኳ ወደ ኋላ ካልክ ሞፈሩ ይጠብቅሃል» ብሎኛል። እኔም «እሺ አባ» ብያለሁ። እንግዲህ የመውደቂያ ቦታ አልነበረኝም።

ክፍላችን ከሰዓት በኋላ ይግል ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን በጠመኔው አቧራ ውስጥ እንደ ክር ተወጥሮ ይታይ ነበር። አጠገቤ የምትቀመጠው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ አፏ አያርፍም። አዲሷ የሒሳብ መምህርት የክፍልፋይ ማካፈል የገባውንና ያልገባውን ልለይ ብላ አንድ በአንድ ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ሥር መጥራት ስትጀምር፣ ይህቺ ልጅ ተጠይቃ ስትመለስ ከበብናት።

«ምን አለችሽ?»

«ገልብጬ አባዛሁላት። ትክክል ነው አለችኝ። ልነሳ ስል ‹ለምንድን ነው የምትገለብጪው?› አትለኝም መሰለህ!»

«ምን አልሻት?»

«ቲቸር ስላለ ነዋ! ሌላ ምን ልበላት?»

ልጆቹ ሳቁ። እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። «አያ፣ ያንተ ጢም ቢገለበጥ ስንት ይመጣል?»

ወላሂ፣ ያን ጊዜ የሳቁት ልጆች ዛሬም ድረስ በጆሮዬ አሉ። አንዳንዶቹ አሁን ባጃጅ ይነዳሉ፤ ሳገኛቸው ጢሜን ያዩታል።

ተራዬ ደረሰና ወጣሁ። መምህርቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ በዕድሜ ብታንሰኝ እንጂ አትበልጠኝም። «ናጋ ጂርታ?» አለችኝ። «ናጋ» አልኳት፤ ደህና ነኝ ለማለት፤ ደህና ግን አልነበርኩም። ከአጠገቧ ጥንቅሽ አነሳች፣ ሰበረች፣ ግማሹን እጄ ላይ አኖረች።

«ይህ ግማሽ ነው። ግማሹን ለግማሽ ብታካፍለው ስንት ይመጣል? በፈለግከው መንገድ አሳየኝ።»

ደስ አለኝ። ይህን ነው የምትጠይቀኝ? ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀውን? የያዝኩትን ደግሜ ሰበርኩና አንዷን ቁራጭ ሰጠኋት።

«ሩብ» አልኩ።

«ለምን?»

«ግማሹን ለባለበሬው ሰጥቼ ነዋ።»

«የምን በሬ?»

ነገርኳት። ባለመሬቱን፣ ባለበሬውን፣ አውድማውን፣ ሁሉንም። እርሳሱን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ይህን አልክድባትም። ከዚያ «ያደረግከው ስሌት ልክ ነው» አለችኝ። «ግን እሱ ማባዛት ነው። ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ይሆናል። እኔ የጠየቅኩህ ማካፈል ነው።»

«ቲቸር፣ ከኛ ላይ ተወሰደ እኮ ነው የምልሽ። ምኑ ተባዛ?»

አባባሉ ለሷም ቶሎ አልመጣላትም። ጥንቅሹን አገላበጠች፣ መሬት ላይ በእንጨት ሣለች፣ አጠፋች፣ ደግማ ሣለች። «በግማሽ ውስጥ ስንት ግማሽ አለ?» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ግማሽ ውስጥ ምን ሊኖር ይችላል? ግማሽ ራሱ የተረፈ ነገር ነው። ባይሆን ውስጡ ረሃብ አለ ልበላት?

«መልሱ አንድ ነው» አለችኝ በመጨረሻ።

«አንድ ምን?»

«አንድ።»

ራሴ ዞረ። ማካፈል ያበዛል፣ ማባዛት ያሳንሳል፤ እንዲህ ከሆነ እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንካፈል ኖረን ለምን ጎተራችን ባዶ ሆነ? ከልቤ ነው ግራ የገባኝ። እሷም አላሾፈችብኝም። «ሳይገባህ ባሳልፍህ ነገ የምትወድቀው በኔ ጥፋት ነው፤ ስድስተኛ ላይ ብትጀምር ይሻልሃል» አለችኝ። «ቲቸር ስላለ» ያለችው ልጅ እዚያው ሰባተኛ ቀረች፤ ለሷ ጊዜ አለ ተባለ። ለኔ ጢም ጊዜ አልነበረም።

በማግስቱ ልብሴን በፌስታል ይዤ ወደ ጨፋ ወረድኩ። መንገድ ላይ ውሸት እየሠራሁ ነበር፤ አውድማው ጋ ስደርስ ግን ውሸቱ ጠፋብኝ። አባቴ ከማሽላው ክምር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ገለባ ይለቅም ነበር። ትኩስ የማሽላ አቧራ አንገት ላይ ሲያርፍ እንዴት እንደሚያሳክክ ታውቃለህ? እሱ ግን አያክም ነበር፤ ቆዳው ለምዶታል።

«ወደቅኩ፣ አባ። ስድስተኛ ውረድ ተባልኩ።»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ምን ጠየቁህ?»

«ግማሽ ለግማሽ ሲካፈል ስንት ነው አሉኝ። ሩብ አልኩ።»

«ታዲያ ሩብ አይደል እንዴ?»

«አንድ ነው አሉ።»

አሁን ቀና አለ። «ቶኮ?» አለ በኦሮምኛ፤ አባቴ ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋበታል። «አንድ? ለማን ነው አንድ የደረሰው?»

«አላውቅም።»

ክምሩን አየ፣ እኔን አየ፣ የያዝኩትን ፌስታል አየ። እኔ ሞፈሩን ነበር የምጠብቀው። እሱ ግን ገለባውን ከእጁ አራግፎ «ተመለስ» አለኝ። «ስድስተኛም ይሁን አምስተኛ፣ ግባ። አንዱ ለማን እንደደረሰ ሳታውቅ እንዳትመጣ።»

«ማን ያርስልሃል?»

«አብሽር። እኔ ነኝ የማርሰው።»

ቃሉን እንዲህ አፈረሰልኝ። ስለ ቀጣዩ ክረምት፣ ለብቻው ስላረሰበት፣ ብዙ አላወራህም። ገበያ ሲወጣ ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታውን ሳይጨርስ «አንዱ ተገኘ?» ይለኝ ነበር። «ገና ነው አባ» እለዋለሁ። «ኢንሻአላህ» ይላል፣ በቀኝ እጁ ወገቡን ይዞ። አሁን እሱ የለም፤ የሚጠይቀኝም የለም።

በዓመቱ ሰባተኛ ተመልሼ ገባሁ። ያቺው መምህርት ማሽላና ጣሳ ይዛ መጣች። ግማሽ ጣሳ ማሽላ ጠረጴዛ ላይ ደፋችና ግማሹ ላይ ምልክት ያለበትን ጣሳ ሰጠችኝ። «እዚህ ምልክት ድረስ እየሞላህ አንሳው። ስንቴ ትሰፍራለህ?»

ሰፈርኩ። ጠረጴዛው ባዶ ሆነ። «አንዴ።»

«አንዱ ያ ነው። ማንም አልወሰደውም፤ ስንት ጊዜ እንደሰፈርክ ነው የሚቆጠረው። ገባህ?»

«ገባኝ» አልኩ። ገብቶኝ ይሁን ደክሞኝ ዛሬም አላውቅም። ፈተናውን ግን አለፍኩ።

ወዲያው ቤት ሄድኩ። ምርት የሚሰፈርበት ቀን ነበር። የባለመሬቱ ባዶ ጆንያዎች ተደርድረዋል፣ ባለበሬው ጥላ ውስጥ ጋደም ብሎ ጫቱን ይቀነጥባል። አባቴን ወደ ጎን ጠርቼ በጣሳ አሳየሁት። ሰፈርኩ፣ ደፋሁ፣ ደግሜ ሰፈርኩ። እሱ ማሽላውን ሳይሆን እጄን ነበር የሚያየው።

«እና አንዱ ለማን ነው?»

«ለማንም አይደለም አባ። ስንት ጊዜ እንደተሰፈረ ነው።»

ነፋሱ ገለባውን እያነሳ ይጥል ነበር።

«ገባኝ» አለ።

አልገባውም። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም መምህርቷ ፊት ያንኑ ፊት ይዤ ቆሜያለሁ። ለኔ ሲል ነው የገባው። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ጣሳውን ከእጄ ተቀበለኝ። ከዚያ ክምሩ ሥር ተንበርክኮ የባለመሬቱን ጆንያ አፍ ከፈተ። በኛ አገር አውድማ ላይ የመጀመሪያውን ስፍር አንድ ብሎ የሚቆጥር የለም።

«በረካ» አለና ደፋ። ቀጥሎ፣ «ሁለት»።