የቡና ገለባና የአክስቴ ቀይ ውሃ

ከዲላ መነሻ

ማለዳ ከአክስቴ ከብርቄ ጋር መነኸሪያ ደረስን። እኔ አንድ ማዳበሪያ የቡና ገለባ ተሸክሜያለሁ፤ እሷ የክር ማቅለሚያዋን እጣቢ በጀሪካን ይዛለች። ቀይ ውሃዋ በቦዩ ወርዶ የጎረቤታችንን የወይዘሮ አስቴርን ጎመን ስላበላሸ ቀበሌ ተከሰናል። ውሃው ካልጠራ ማቅለሚያ ቤቱ ይዘጋል። ከተዘጋ የሷም የኔም እንጀራ ቀረ ማለት ነው። ሀዋሳ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በቡና ገለባ ቀለም ያጣራል ሲባል ሰምተን ነው የተነሳነው።

ሾፌሩ ጀሪካኑን አይቶ ወይን ነው ወይ ብሎ አሾፈ። ጴንጤዋ አክስቴ እስከ ይርጋለም አኮረፈችው። መንገድ ዳር አናናስ ገዝቼ ባጎርሳት ነው የተፈታችው።

ሀዋሳ

ከመነኸሪያ በባጃጅ ወደ ግቢው ሄድን። መምህሩ አቶ ዳዊት ገለባችንን አክስሎ ፈጨው፤ አጥቦ ከውሃችን ጋር አማሰለውና በጨርቅ አጠለለው። ጥርት አለ። አክስቴ ጌታን አመሰገነች።

እኔ ግን ጀሪካኑን ዳግም አየሁት። ቦያችን ላይ የሚወርደው እንደ ደም የወፈረ ነው፤ በጀሪካኑ የመጣው የመጨረሻው እጣቢ ብቻ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እኛ ጋ ቀለም ነካሪ ዋናውን ውሃ ለማንም አያሳይም፤ ምን እንደገባበት ይታወቅብኛል ብሎ ይፈራል። በማቅለሚያ ቀን በራችን ይቆለፋል። እኔ ራሴ የእህቷ ልጅ ሆኜ ክር ከማስጣት አልፌ አላውቅም።

ፒያሳ ምሳ ላይ አላስቻለኝም።

«አክስቴ፣ መምህሩን እሺ አታለልሽው። ቦዩንስ ምን ልታደርጊው ነው?»

ዓሣዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

በማግስቱ

ጠዋት ሳፋ፣ ጨውና ሶዳ ገዛችና ቀድማኝ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ግቢው ስንደርስ እሳት አስነድዳ ከቦርሳዋ የቀለም ዱቄት አወጣች። ከዚያ የለበሰችውን ነጭ ነጠላ ገፍፋ፣ ተማሪዎች እያዩ ነከረችው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እንዲህ ኮርቼባት አላውቅም።

የተረፈው ውሃ ልክ ቦያችን ላይ የሚወርደውን መሰለ። የገለባው ከሰል ግን ምንም ቀለም አልያዘለትም።

«ያስቸገረን ሶዳው ነው» አላት አቶ ዳዊት። «ትናንት ቢነግሩኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አይለፉም ነበር።»

«ዛሬ ነገርኩህ አይደል?» አለች አክስቴ። «በል ቀጥል።»

ሎሚ ጨመቀበትና ከሰሉን አበዛው። ደጋግመን አጠለልነው። ወደ ማታ ቀጭን ሻይ መሰለ። ገና ይቀረዋል አለን፤ ቀለም የጠጣውን ከሰል ደግሞ ጎመን አጠገብ እንዳንደፋ አስጠነቀቀን።

ዲላ

እንደተመለስን በርሜል በጨርቅና በከሰል አዘጋጅተን የመጀመሪያውን ውሃ ለቀቅን። ወይዘሮ አስቴር ቦዩ ዳር ቆማ ብዙ አየችው። ክሱን አነሳለሁ አላለችም፤ ጎመኑ ሲበቅል እንተያያለን ብላ ገባች። ይህም ለኛ ትልቅ ነገር ነው። የደበቅነው ውሃ እንደማይጠራ ሀዋሳ ድረስ ሄደን ተማርን።

በሚቀጥለው የማቅለሚያ ቀን እንደልማዴ ገመዱ ሥር ቆሜ ክር ስጠብቅ በሩ አልተቆለፈም። አክስቴ ቀይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ብቅ አለች።

«ምን ቆመሻል? ግቢና ሶዳውን ለኪ።»